የእኔ ቁም ነገርና የባለቤቴ ወሬ

በቤታችን የዜና ድንበር የተከለለው በተጋባን ሰሞን ሲሆን፣ በክፍፍሉ መሠረት ፖለቲካው ለእኔ፣ የፊልሙና የሙዚቃው ዓለም ለባለቤቴ ደርሶናል። ስምምነቱ በጽሑፍ ባይሰፍርም፣ በጽሑፍ ሰፍረውና በማኅተም ጸንተው ከፈረሱት ብዙ የዓለም ስምምነቶች በተሻለ ሲከበር ኖሯል። እኔ ዜናዬን ስከታተል ቤቱ ጸጥ ይላል፤ እሷ የእሷን ስትከታተል ደግሞ እኔ ራሴን ግራና ቀኝ እየነቀነቅሁ በአጠገቧ አልፋለሁ። የንቅናቄው ዓላማ ግልጽ ነው፤ «እኔ ስለ ዓለም ዕጣ ፈንታ ስጨነቅ፣ አንቺ ማን ከማን ተፋታ ትያለሽ» ማለት ነው። ይህ ንቅናቄ አንድ አባል ብቻ ያለው፣ ተቃዋሚ ገጥሞት የማያውቅና ለዓመታት ያለ ምርጫ በሥልጣን የቆየ ንቅናቄ ነበር። የወደቀው ባለፈው ሰሞን በአንዲት ጥያቄ ነው።

«እስቲ ዛሬ ምን ተባለ?» አለችኝ።

ጉሮሮዬን ጠርጌ ገለጻ ጀመርኩ። በአንድ ትልቅ ጉባኤ ላይ አንደኛው መሪ ለሰላምታ እጁን ሲዘረጋ ሌላኛው እንዳላየ ሆኖ ማለፉን፣ ሦስት ተንታኞችም ያቺን ሳትጨበጥ የቀረች እጅ በዝግታ እያስመለሱ ሲመረምሩ ማምሸታቸውን በዝርዝር አስረዳኋት። የመጀመሪያው ተንታኝ «ይህ የማያሻማ መልእክት ነው» ማለቱን፣ ሁለተኛው ሰውየው ከጥንትም ትዕቢተኛ እንደ ነበር ማስታወሱን፣ ሦስተኛው ደግሞ ምናልባት እጁን አሞት ይሆናል ብሎ ሌሎቹ እንደ ሳቁበት ሳይቀር ነገርኳት።

«ጉባኤው ታዲያ ምን ወሰነ?»

«የምን ጉባኤ?»

«አሁን የነገርከኝ ነዋ።»

ዝም አልኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስከታተለው ያመሸሁት ጉባኤ በምን ጉዳይ ላይ እንደ ተጠራ እንኳ አላውቅም ነበር። የሁለቱን ሰዎች ኩርፊያ ግን ከነመነሻው፣ ከነአማላጆቹና ከነሚስቶቻቸው አስተያየት ጭምር አውቀዋለሁ። እፍረቱን ለመሸፈን ያህል «ለመሆኑ ያንቺዎቹስ እንዴት ሰነበቱ? ማን ማንን ፈታ?» ብዬ ነገሩን ወደ እሷ ክልል ገፋሁት።

ባለቤቴ መነጽሯን አውልቃ (ይህን የምታደርገው ሰው ስታዝንለት ነው) የምታነበው ስለ ሥራ ውል መሆኑን ነገረችኝ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 የሆሊውድ ጸሐፍት 148 ቀን፣ ተዋንያኑ ደግሞ 118 ቀን ሥራ አቁመው ነበር። በቀድሞው ጊዜ አንድ ሥራ በቴሌቪዥን በድጋሚ በታየ ቁጥር ለጸሐፊውም ለተዋናዩም የሚታሰብ ክፍያ ነበር፤ አሁን ግን ተመልካቹ በፈለገው ሰዓት በኢንተርኔት ስለሚያየው፣ ኩባንያውም ስንት ሰው እንዳየው ለብቻው ስለሚያውቅ፣ የክፍያው ስሌት ተበላሸ። በዚህ ላይ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ነገር መጣ። የተዋንያኑ ማኅበር፣ ስቱዲዮዎቹ የአጃቢ ተዋንያንን መልክ በአንድ ቀን ክፍያ ቀድተው ለዘለዓለም ሊጠቀሙበት ፈልገዋል ሲል ከሰሰ፤ ስቱዲዮዎቹ «አላልንም» ብለው አስተባበሉ፤ በመጨረሻም ያለ ፈቃድና ያለ ክፍያ የሰውን ዲጂታል አምሳል መጠቀም እንዳይቻል የሚያደርጉ አንቀጾች በውሉ ገቡ። ጸሐፍቱ የራሳቸውን ውል በ99 በመቶ፣ ተዋንያኑ የራሳቸውን በ78 በመቶ ድምፅ አጸደቁ።

«የተዋንያኑ ለምን አነሰ?» ብዬ ጠየቅሁ። ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው የጠየቅሁት ጥያቄ በዚያ ምሽት በቤታችን የተነሣ የመጀመሪያው ፖለቲካዊ ጥያቄ መሆኑን ያስተዋልኩት።

«አንዳንዶቹ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንሱ ጥበቃ አይበቃም ስላሉ ነው» አለችና ቀጠለች፤ «ሁለቱ ማኅበራት በአንድ ጊዜ ሥራ ሲያቆሙ ከ1960 ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። ያኔ የተዋንያኑን ማኅበር ይመራ የነበረው ሮናልድ ሬጋን ነው።»

«ሬጋን የእኔ ነው!» ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

«በ1960 የእኔ ነበር። አንተ ጋ የመጣው በኋላ ነው» አለች፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ። «እኔ ጋ ሳለ አድማ ይመራ ነበር። አንተ ጋ መጥቶ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በሆነ በመጀመሪያው ዓመት፣ በ1981፣ አድማ የመቱ ከ11,000 በላይ የበረራ ተቆጣጣሪዎችን አባረረ። ማኅበራቸው እኮ በምርጫው ደግፎት ነበር። ሰውን ምንድን ነው የምታደርጉት?»

የመንግሥት ሠራተኞች አድማ እንዳይመቱ ሕጉ ይከለክል እንደ ነበር ጠቅሼ ለመከላከል ሞከርኩ፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ራሴን ሳዳምጠው የስቱዲዮዎቹን ጠበቃ መሰልኩ።

ስለዚህ የመልስ ጥቃት አስፈለገኝና በዚያው በ1960 ከራሴ ክልል የሆነ ነገር አነሣሁ። በሴፕቴምበር 26 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩት ኬኔዲና ኒክሰን በቴሌቪዥን ተከራከሩ። ኒክሰን በጉልበቱ ሕመም ሆስፒታል ተኝቶ ክብደቱ ቀንሶ ነበር፤ ባለሙያ ሜካፕ ይቀባህ ቢባል እምቢ አለ፤ ላቡና የጺሙ ጥላ በካሜራው ፊት ወጣ። በፀሐይ የጠቆረው ኬኔዲ ግን ለፊልም የታጨ ይመስል ነበር። በሬዲዮ የሰሙት ኒክሰን አሸነፈ አሉ፣ በቴሌቪዥን ያዩት ኬኔዲ አሸነፈ አሉ የሚለው ታሪክ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ ማስረጃው ሲፈተሽ ቀጭን ቢሆንም እንዲህ ያለ ጥሩ ታሪክ በማስረጃ እጦት ሲሞት አይቼ አላውቅም። በአንድ ዓመት ውስጥ ተዋንያኑ ለደመወዝና ለጡረታ ሲደራደሩ፣ ፖለቲከኞቹ ደግሞ የሜካፕ ወንበር ላይ መቀመጥን ተማሩ ማለት ነው። ይህን ለባለቤቴ እንደ ድል ብነግራትም፣ ተናግሬ ስጨርስ የማን ድል እንደ ሆነ ግራ ገባኝ።

ከዚያ ወዲያ ድንበሩን ማስከበር ቀርቶ ማግኘቱም ቸገረን። ከ2015 ጀምሮ በቴሌቪዥን ቀልድ ላይ ሳያስበው ፕሬዚዳንት የሆነ መምህር ሆኖ የተወነው፣ በ2019 ደግሞ በ73 በመቶ ድምፅ የዩክሬን ፕሬዚዳንት ሆኖ የተመረጠው ዘለንስኪ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው የእኔ የሚሆነው? የፊሊፒንሱ ኤስትራዳ በፊልም የድሆች ጀግና ሆኖ ኖሮ በ1998 ፕሬዚዳንት ሆነ፣ በ2001 ከሥልጣን ወረደ። ሁለት ኦስካር ያገኘችው ተዋናይ ግሌንዳ ጃክሰን ጭራሽ ሂሳባችንን አፋለሰችው፤ በ1992 የብሪታንያ ምክር ቤት ገብታ፣ 23 ዓመት ሠርታ፣ በ80 ዓመቷ ወደ መድረክ ተመልሳ ንጉሥ ሆና ተወነች። ባለቤቴ «አንተ ጋ ሄደው ተዋናይ ሆነው የሚቀሩ እንጂ፣ እኔ ጋ ተመልሰው ሥራ የሚያገኙ ብዙ አይደሉም» አለች። ምን ማለቷ እንደ ሆነ እስካሁን አልጠየቅኋትም።

የመጨረሻው ምሽጌ ምርጫ ነበር። በእሷ ዓለም እንዲህ ያለ ቁም ነገር የለም ብዬ ልዘጋባት ስል የኦስካሩን ምርጥ ፊልም አመራረጥ አነሣችብኝ። ከ2009 ወዲህ መራጩ አንዱን ብቻ አይመርጥም፤ ዕጩዎቹን በደረጃ ይደረድራል፤ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ፊልም ከሌለ የመጨረሻው ይወጣና ድምፁ በየመራጩ ቀጣይ ምርጫ ይደለደላል፤ እንዲህ እየተባለ አብላጫ እስኪገኝ ድረስ ይቀጥላል። አውስትራሊያ የታችኛው ምክር ቤቷን አባላት በዚህ ዘዴ መምረጥ የጀመረችው በ1918 መሆኑን የነገረችኝ እሷ ናት፤ እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ የአውስትራሊያን ምርጫ ስከታተል የማውቀው የተሸናፊዎቹን ፊት ነው።

ይባስ ብላ የ2017ቱን ሥነ ሥርዓት አስታወሰችኝ። ለአቅራቢዎቹ የተሳሳተ ፖስታ ተሰጥቷቸው ያላሸነፈው ፊልም ስም ተጠራ፤ አዘጋጆቹ ወጥተው ሐውልቱን ጨብጠው ምስጋና ማቅረብ ጀመሩ። ስሕተቱ በደቂቃዎች ውስጥ ሲታወቅ ከእነዚያው አዘጋጆች አንዱ ድምፅ ማጉያውን ይዞ፣ ያሸነፉት ሌሎቹ መሆናቸውን ተናግሮ፣ ትክክለኛውን ካርድ ለካሜራው አሳይቶ መድረኩን ለቀቀላቸው። አፌን ያዝኩ። በእኔ ክልል ተሸንፈሃል የተባለ ሰው መጀመሪያ ፖስታውን፣ ቀጥሎ ያነበበውን፣ በመጨረሻም ፊደል የፈጠረውን ይከሳል እንጂ ሐውልት አይመልስም።

የድንበር ኮሚሽን ማቋቋም ሳያስፈልገን ጉዳዩን የቋጨልን የአሜሪካዊው የቴሌቪዥን ቀልደኛ የጂሚ ኪመል ነገር ነው። በሴፕቴምበር 2025፣ የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ሊቀመንበር በቀልደኛው ንግግር ላይ ማስጠንቀቂያ አዘል አስተያየት ከሰጡ በኋላ፣ ፕሮግራሙን የሚያስተላልፈው የቴሌቪዥን ኔትወርክ ኤቢሲ በ17 ከአየር አወረደው፤ በ23 መለሰው። ቀልደኛ ነውና የእሷ ነው፤ የመንግሥት ባለሥልጣን ገብቶበታልና የእኔ ነው። ተከራክረን ስላልተስማማን አብረን ተቀምጠን አየነው። እሷ ኮሚሽኑ ፈቃድ የሚሰጠው ለየአካባቢው ጣቢያዎች እንጂ ለኔትወርኩ አለመሆኑን፣ ጫናውም በዚያ በኩል እንደሚያልፍ በእርሳስ እየጻፈች አስረዳችኝ። እኔ በበኩሌ የሊቀመንበሩን ፊት አይቼ «ተኮሳትሯል» አልኩ። ትንታኔዬ ይኸው ነበር።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ሪሞቱ በእሷ እጅ ነው። የበጀት ድምፅ አሰጣጥ ሲኖር ታያለች፣ የጉባኤ ውሳኔ ታነባለች፤ እኔም በአጠገቤ ስታልፍ ራሷን ትነቀንቅብኝ እንደ ሆነ በጎን እጠብቃለሁ፤ እስካሁን አላደረገችውም። ትናንት ማታ ግን አላስችል ቢለኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ያ ሰውዬ በመጨረሻ ጨበጠው ይሆን?» አልኳት።

ዓይኗን ከማያው ሳታነሣ መለሰችልኝ፤

«ጨብጦታል። እጁን ነበር ያመመው።»