የብራሰልስታውን ሪንግ 600 መደቦች፦ "ከተማ" ከማለት በፊት መቆፈር ያለበት

በምሥራቅ አየርላንድ፣ በዊክሎው አውራጃ ባልቲንግላስ አጠገብ፣ ብራሰልስታውን ሪንግ የሚባል ከ40 ሄክታር በላይ የሚሰፋ የኮረብታ ምሽግ አለ። አንቲኩዊቲ የተባለው የአርኪዮሎጂ መጽሔት ስለ ምሽጉ ጥናት ካወጣ ወዲህ ቦታው የጥንት ከተማ ነበር የሚል ወሬ በየዜናው ተሠራጭቷል። የአየር ቅኝቱ ከ600 በላይ የቤት መደብ (ቤት እንዲቆምበት የተደለደለ መሬት) የሚመስሉ ስፍራዎችን ለይቷል። ከነዚህ 98ቱ ከውስጠኛው ካብ ውስጥ፣ 509ኙ በውስጠኛውና በውጭኛው ካብ መካከል ናቸው። ጥናቱ ራሱ ተጠንቅቆ "ሊሆኑ የሚችሉ" ነው ያላቸው። ጥንቃቄው የጠፋው ዜናው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነው።

ግኝቱ ትልቅ ነው። በአየርላንድና በብሪታንያ ይህን ያህል መደብ ባንድ አጥር ውስጥ የተቆጠረበት ሌላ የቅድመ ታሪክ ስፍራ አይታወቅም። የመደብ ቁጥር ግን የነዋሪ ቁጥር አይሆንም። በጥቂት ስፍራ የተደረገው የሙከራ ቁፋሮ ሰው የኖረበትን ዘመን በግምት ከ1200 እስከ 400 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት አድርጎታል። ይህ 800 ዓመት ነው። እያንዳንዱ መደብ አንድ ቤት ብቻ ተሠርቶበት 50 ዓመት አገልግሎ፣ ቤቶቹም በዘመኑ ሁሉ እኩል ተበትነው ቢሆን፣ ባንድ ጊዜ የሚቆሙት ከ40 ያነሱ ናቸው። በቤት አምስት ሰው ቢቆጠር 200 እንኳ አይሞላም። ሁሉም ባንድ ትውልድ ተሠርተው ከሆነ ግን 3,000 ሰው ይሆናል። በነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የመንደርና የከተማ ልዩነት ነው፤ የሚፈታውም በመሬት ውስጥ ነው።

መጀመሪያ መደቡ የቤት መሆኑ ይረጋገጥ። የቤት መደብ የሚሠራው ተዳፋቱን ከላይ ቆርጦ አፈሩን ወደ ታች በመደልደል ነው። በዚያው አውራጃ በግሌንዳሎክ ሸለቆ፣ በኋላ ዘመን ከሰል አክሳዮች ተመሳሳይ መደብ ጠርበዋል። ከአየር ሲታዩ ይመሳሰላሉ። በቁፋሮ ግን የከሰሉ መደብ ወፍራም ጥቁር ንብርብር ያሳያል፤ የቤቱ ደግሞ በክብ የተደረደሩ የምሰሶ ጉድጓዶችና ምድጃ። ፈርን በደንብ የሸፈነው ቁልቁለት ሌላ ችግር አለው፦ የላይዳር (ከአየር ላይ የመሬትን ቅርጽ የሚለካ የሌዘር መሣሪያ) ጨረር መሬቱ ላይ ሳይደርስ ከቅጠሉ ይመለስና የሌለ ጉብታ ይሥላል፣ ያለውንም ይደብቃል።

የቁፋሮው ጉድጓድ መደቡን ከላይኛው ቁርጥ እስከ ታችኛው ጠርዝ ማቋረጥ አለበት፤ 2 ሜትር ስፋት ይበቃዋል። ብዙ ጊዜ የሚቆፈረው መሃሉ ብቻ ነው፤ በዚህም ዋናው ማስረጃ ያመልጣል። ወደ ታች የተደፋው አፈር የቀድሞውን የመሬት ገጽ ይሸፍናል። ከሥሩ ያለው ከሰል መደቡ ከዚያ ወዲህ መሠራቱን፣ ከምድጃው የሚገኘው ደግሞ ሰው የኖረበትን ጊዜ ይነግራል። ሁለቱ ካልተያዙ የቤቱን መጀመሪያ ከመጨረሻው መለየት አይቻልም። የተራራው አሲዳማ አፈር አጥንት ስለሚበላ ተስፋ የሚጣልበት የተቃጠለ እህልና እንጨት ነው። ከየንብርብሩ እስከ 40 ሊትር አፈር ይወሰድና በውሃ ይንሳፈፋል፤ የሚንሳፈፈው በ0.3 ሚሊ ሜትር ወንፊት፣ የሚሰጥመው በ1 ሚሊ ሜትር ይያዛል።

የጥንት ቅሪትን ዕድሜ ለሚለካው የካርቦን 14 ምርመራ የሚላከው ዕድሜው አጭር የሆነ ነገር ብቻ ይሁን፦ አንድ የገብስ ፍሬ፣ የሃዘልነት (የለውዝ ዓይነት የዛፍ ፍሬ) ቅርፊት ወይም ቅርፊቱ ያልወለቀ ጭራሮ። የኦክ ግንድ እምብርት ከተላከ ዛፉ በተቃጠለበት ቀን እንኳ መቶ ወይም ሁለት መቶ ዓመት ያስቆጠረ ሊሆን ይችላል፤ ቤቱም በዚያው ልክ ያለ ዕድሜው ያረጃል። የፈርን ሥር ደግሞ ፍሬን ከንብርብር ወደ ንብርብር ስለሚያንሸራትት ከአንድ ምድጃ አንድ ናሙና አያስተማምንም፤ ቢያንስ ሁለት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከፋው ከ800 እስከ 400 ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለው ዘመን ነው። በዚያ ጊዜ የካርቦን 14ን ልኬት ወደ ዓመት የሚመልሰው መስመር ጠፍጣፋ ስለሆነ፣ በሦስት መቶ ዓመት የሚለያዩ ሁለት ቤቶች አንድ ዓይነት ውጤት ሊሰጡ ይችላሉ። ናሙና ማብዛት ብቻውን አያድንም። የሚያድነው በዛፍ ቀለበት የሚቆጠር እንጨት ነው። በሰሜን አየርላንድ በአርማ አውራጃ በናቫን ምሽግ የቆመው ታላቅ የኦክ ምሰሶ የተቆረጠው በ95 መጨረሻ ወይም በ94 መጀመሪያ ከክርስቶስ ልደት በፊት መሆኑ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ከእርሱ 1 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የሆኪ ምሽግ ጉድባም ውሃ ስላቆረ ጢንዚዛና የተክል ቅሪት ጠብቆ አቆይቷል።

በብራሰልስታውን የውሃ ማጠራቀሚያ ሳይሆን አይቀርም የተባለ በድንጋይ የተከበበ ስፍራ አለ። ቀጣዩ ገንዘብ መጀመሪያ መዋል ያለበት እዚያ ነው። ከሥሩ ረግረግ ያለ ደለል ካለ እንጨት፣ የአበባ ብናኝና ነፍሳት ይገኛሉ። የእንጨት ጥበቃ ባለሙያና የውሃ ገንዳ ሳይዘጋጁ ግን መከፈት የለበትም፤ ሺህ ዓመታት ውሃ ውስጥ የቆየ እንጨት አየር ሲያገኝ በፍጥነት ይሰነጠቃል።

መደቦቹን በተመለከተ፣ 30 ያህሉ ከሁለቱም ቀጠናዎች በዕጣ ይመረጡ። ጥሩ የሚመስሉት ብቻ ከተመረጡ ጥሩ የሚመስል ውጤት ይወጣል። በመደብ 3 ናሙና፣ በናሙና 400 ዩሮ ገደማ ቢያዝ የላቦራቶሪው ወጪ 36,000 ዩሮ ነው። ምንም ያልተገኘባቸው መደቦችም ከነሥዕላቸው መታተም አለባቸው፤ ከ30ው አሥሩ ባዶ ቢሆኑ የ600ው ግምት በሲሶ ይወርዳል።