ክብር ለላይቭ አርበኞቻችን

ስዊድኖች ያሳዝኑኛል። ከዚህ ጨለማ ጋር ስንት ዘመን ኖረው እስካሁን መላ አላገኙለትም። ታኅሣሥ ላይ ስቶክሆልም ውስጥ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደግሞ የለችም። በጠቅላላው 6 ሰዓት፣ ያውም ደመናው ከፈቀደ። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 1934 ደመናው አልፈቀደም። ወሩ ሙሉ ስቶክሆልም ላይ የአንዲት ሰዓት ፀሐይ እንኳ ሳይመዘገብ አለቀ።

ታዲያ ምን አደረጉ? ሻማ አበሩ። ኅዳር መጨረሻ ላይ በየመስኮቱ ሰባት መብራት ያለው መቅረዝ ይደረደራል። ዲሴምበር 13 ደግሞ የሉሲያ ቀን ነው ብለው አንዲት ልጅ ነጭ ለብሳ፣ ሻማ አናቷ ላይ ደፍታ፣ እየዘመረች ትዞራለች። ቢጫ ዳቦ ይበላሉ። ኡሜዮ የምትባል የሰሜን ከተማ በ2012 አውቶቡስ ፌርማታዎቿ ላይ የሕክምና መብራት አስገጥማ ነበር። ሰው አውቶቡስ እስኪመጣ ብርሃን ይሙቅ ብላ ነው። ሐኪሞቹም አልተኙም። በ1984 አሜሪካ ውስጥ ኖርማን ሮዘንታል የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በየክረምቱ እየተመላለሰ የሚመጣውን ድብርት አጥንቶ ስም አወጣለት። ስም ማውጣቱ ጥሩ ነው። ግን ሰውየው ያኔ አንድ ሐበሻ ቢጠይቅ ኖሮ ምን ነበረበት? ትንሽ ይታገሥ እንጂ መድኃኒቱ በመንገድ ላይ ነበር።

መድኃኒቱ የቲክቶክ ላይቭ ነው።

እዩልኝ እስቲ የእኛን ሰው። ከስቶክሆልም ሰፈሮች ሪንከቢ በሉት ሁስቢ፣ አንዲት ሳሎን ናት። ጀግናችን ሌሊቱን ሙሉ አዛውንቶችን ሲያነሳ ሲያስተኛ አድሯል፣ ወይም ቀኑን አውቶቡስ ሲነዳ ውሏል። በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ገብቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ጋደም ይላል። እሱ ግን ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ስልኩን አንድ ጠርሙስ ላይ ያስደግፋል (ስለ ጠርሙሱ በኋላ እመለስበታለሁ)። ከዚያ ክቧን መብራት ቦግ ያደርጋታል። «እንኳን ደህና መጣችሁ ቤተሰቦች! ስክሪኑን ነካ ነካ አድርጉልኝ! ሼር ሼር!» አለቀ። ኡሜዮ ስንት በጀት መድባ የሰቀለችውን መብራት እሱ በራሱ ገንዘብ ፊቱ ላይ ተክሎታል።

የዛሬው ርዕስ ምንድን ነው ብላችሁ እንዳትጠይቁ። ርዕስ ያለው ላይቭ ቶሎ ያልቃል። ትናንት ማታ እገሌ እገሊት ላይቭ ላይ ገብቶ የተናገረው ነገር አለ። እሱን ለመተንተን ዛሬ አንድ ላይቭ ይከፈታል። ትንታኔውን ለማስተባበል ሌላ ይከፈታል። የማስተባበያው ቅጂ ተቆርጦ ይወጣና «ሙሉውን ሳትሰሙ አትፍረዱ» የሚል ሦስተኛ ላይቭ ይመጣል። አባቶቻችን ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይሉ ነበር። ለአንድ ዓመት አንድ ጉድ ይበቃቸው የነበሩ ምስኪኖች! እኛ በአንድ ሌሊት ሦስት እንሰማለን፣ ያውም እዚህ ሌሊቱ ረጅም ነው።

ያካበቱት ዕውቀትማ አይወራም። አንድ ሰው ማታ 2 ሰዓት ላይ የዓባይን ውኃ ያከፋፍላል። 3 ሰዓት ላይ ሲኖዶሱን ያስታርቃል። 4 ሰዓት ላይ የብሔራዊ ባንክን ፖሊሲ ያርማል። 5 ሰዓት ላይ ኮመንት ከሚቆጣጠርለት ከገዛ ሞደሬተሩ ጋር ይጣላና ብሎክ ያደርገዋል። ለዚህ ሁሉ ሹመት ደመወዝ የለውም። በክረምት አዲስ አበባ ከእኛ በሁለት ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ እኛ እኩለ ሌሊት ላይ ጨዋታው ሲሞቅልን እዚያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። አገር ቤት ያለው ሕዝብ «ነገ ሥራ አለኝ» እያለ ተኝቷል። አገሪቱን ማን እየጠበቃት እንደሚያድር አሁን ገባችሁ?

ደስታውን ለማየት ግን ባትል ላይ መገኘት ነው። ለማያውቅ ላስረዳ። ሁለት ሰዎች ስክሪኑን ግማሽ ግማሽ ይካፈላሉ። አምስት ደቂቃ ይቆጠራል። ተመልካቹ ለደገፈው ሰው ስጦታ ይልካል። ብዙ የተላከለት ያሸንፋል፣ የተሸነፈው ይቀጣል። ቅጣቱ ዱቄት ፊት ላይ መድፋት ሊሆን ይችላል፣ እንደ ዶሮ መጮህም ሊሆን ይችላል። የሁለት ልጆች አባት፣ የዕድር ጸሐፊ፣ ሠርግ ላይ ሽማግሌ ሆኖ የሚላክ ሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ እንደ ዶሮ ሲጮህ አስቡት። ጎረቤቱ ስዊድናዊ በማግስቱ አሳንሰር ውስጥ ሲያገኘው እንደ አገሩ ባህል ዝም ይላል። እኔ ግን ዝም ማለት አልችልም። ሰው ክረምቱን በዚህ ያህል ደስታ ሲያሳልፍ ከማድነቅ በቀር ምን ይባላል?

ስጦታውም ደረጃ አለው። ጽጌረዳ 1 ኮይን ናት። ይቺን የሚልክ ሰው ተማሪ ነው ወይም ገና አዲስ መጤ ነው፣ ስሙም አይጠራም። አንበሳው 29,999 ኮይን ነው። በገንዘብ ሲመነዘር በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይሆናል። አንበሳው ስክሪኑ ላይ ብቅ ብሎ ያገሣል፣ ከዚያ ይጠፋል። 6 ኪሎ ግቢ የነበሩት አንበሶች ሥጋ ነበር የሚበሉት፣ ይኼኛው ደመወዝ ነው የሚበላው። ቲክቶክም ድርሻውን ቆርጦ ያስቀራል፣ ለአንበሳው ጠባቂነት መሆን አለበት። ባለፈው ወር አንበሳ የላከውን ሰው አውቀዋለሁ። ስሙን አልጠራም። የክረምት ጫማው ግን በረዶ እያስገባበት ነው። እህቱ ለልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ ስትጠይቀው «ኑሮ ከብዶናል እኮ እህቴ፣ እዚህ ያለውን ብርድ ብታዪው» ብሏታል። አልዋሸም። እግሩ እርጥብ ነው።

ልጆቹም ከዚህ በረከት አልቀሩም። አንዷ ትንሽ ልጅ አስተማሪዋ «አባትሽ ምን ይሠራል?» ብትላት «አንበሳ ይሰበስባል» አለቻት አሉ። አስተማሪዋ የእንስሳት ማቆያ ሠራተኛ መስሏት ክፍሉን በሙሉ ለጉብኝት ይዛ ልትመጣ ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን ላይቭ ቤተሰብን ያቀራርባል። ቀድሞ እናት ከደብረ ብርሃን ልጇን ለማግኘት ስልክ ትደውል ነበር። ደውላ ካላነሳ ታለቅስ ነበር። አሁን ሥልጣኔ ነው። የእህቷ ልጅ ቲክቶክ ትከፍትላትና ልጇን ፊት ለፊት ታየዋለች። ከስታለህ ወፍረሃል ማለት አያስፈልግም፣ ሁሉም ይታያል። አንዲት እናት በዚህ መንገድ ኮመንት አጻፉ። «ልጄ፣ እናትህ ነኝ። ስልክህን አንሳልኝ።» ልጁ በፍጥነት አነበበውና «እናመሰግናለን እናታችን፣ ስክሪኑን ነካ ነካ አድርጉልን!» አለ። ድጋሚ አጻፉ። «ኧረ እኔ ነኝ ልጄ፣ እትዬ ታመው ነው።» ሞደሬተሩ ይህቺ ፌክ አካውንት የተቃራኒው ቡድን ናት ብሎ ብሎክ አደረጋቸው። ያን ዕለት ማታ ግን ልጁ ባትሉን አሸንፏል። ደስ ይበላቸው።

ጾሙም አያግደንም። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ ልክ ጨለማው ሲበረታ። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም። ለዚህ ነው መሰለኝ በዚያ ወቅት የሰው ስም አብልጦ የሚጣፍጠው። አንድ ሰው ለሁለት ሰዓት የሌላውን ትዳር፣ ዘር፣ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ሳይቀር ሲያወራርድ ያመሻል። ከዚያ መዝጊያው ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንግዲህ የጾም ጊዜ ነው፣ ይቅር እንባባል» ይላል። ኮመንቱ በ«አሜን» ይሞላል። ይቅርታው እስከ ማግሥቱ ማታ ይጸናል። ገና ሲደርስ ደግሞ ልዩ የበዓል ዝግጅት አለ። ዶሮው ኩሽና ውስጥ ይሠራል፣ ስልኩ ሳሎን ነው፣ ባለቤቱም ሳሎን ነው። ድግሱን የበላው ማን እንደሆነ ግን እስካሁን አልተጣራም።

አሁን ወደ ጠርሙሱ። ቫይታሚን ዲ ነው። ቆዳችን ጠቆር ያለ ስለሆነ ከዚህች ደካማ ፀሐይ ቫይታሚን ለመሥራት ከስዊድኖቹ የበለጠ ጊዜ ይፈጅበታል። ክረምት ላይማ ፀሐይዋ ከአድማስ ብዙም ቀና ስለማትል ለማንም አትበቃም። ለዐዋቂ የሚመከረው በቀን 10 ማይክሮግራም ነው። ወተቱ ላይ ሳይቀር ይጨምሩበታል። ሐኪሙ ሲያዝለት ጀግናችን ወዲያው ገዛው። ክዳኑ እስካሁን አልተከፈተም። ሲከፈት ይቀልላል፣ ከቀለለ ደግሞ ስልኩን አይሸከምም።

ስዊድኖቹ ጋ ደግሞ እንመለስ፣ አሁንም ያሳዝኑኛልና። እነዚህ ሰዎች ክረምት ሲመጣ አምስት ስድስት ሆነው ተሰብስበው የጥናት ክበብ ይመሠርታሉ። ቋንቋ፣ ጊታር፣ ሹራብ ሥራ፣ የአካባቢ ታሪክ፣ የፈለጉትን ነው። ሥራዬ ብለው የያዙት ከጥንት ነው። ኤቢኤፍ የሚባለው የሠራተኞች የትምህርት ማኅበር በ1912 ነው የተቋቋመው። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሲያጠኑ አንድ ቀን እንኳ አንዱ ሌላውን ብሎክ አድርጎት «የዛሬው ክበብ ተበጠበጠ» የሚል ቅጂ ወጥቶ አያውቅም። ምኑን ክበብ ሆነ?

ፍሪቲድስባንከን የሚባልም ነገር አላቸው። በ2013 ዴዬ በምትባል ትንሽ ከተማ ተጀምሮ በአገሩ ተስፋፋ። እንደ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ግን የሚያውሱት መጽሐፍ ሳይሆን የበረዶ ላይ ጫማ፣ ስኪ፣ የራስ ቁር ነው። ያለ ምንም ክፍያ! ሰፈራችን አጠገብ አንድ አለ። ታኅሣሥ ላይ አንድ ቅዳሜ አንድ ልጅ አባቱን «አባዬ፣ ዛሬ በረዶ ላይ መንሸራተት ልሂድ?» አለው። አባት ስልኩ ላይ እንዳፈጠጠ «ቆይ ልጄ፣ ነጥቡ እኩል ነው» አለ። ልጁም ጨዋ ስለሆነ ነጥቡ እስኪለያይ ጠበቀ። ሲለያይ 9 ሰዓት ሆኖ ነበር። መሽቶ ነበር ማለት ነው።

አንዳንድ ቅናተኞች አሉ። «ሰው ሰውን በአካል ይጠይቅ፣ ቡና ይፍላ፣ ቤታችን ይሰብሰብ» ይላሉ። እነዚህ ሰዎች የዘመኑን ፍጥነት አልተረዱም። ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ሰዓት ይፈጃል። ቢበዛ ስምንት ሰው ነው የሚጠጣው፣ ከስምንቱ መካከልም አንድም አንበሳ የሚልክ የለም። ደግሞ በአካል የተገናኘ ሰው ፊት ለፊት መሳደብ ያሳፍራል። ያኔ ወሬው ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ሥራ ይሆንና ምሽቱ ቀዝቅዞ ይቀራል።

ይኸው አሁን ቀኑ መርዘም ጀምሯል። ሰኔ ላይ ስቶክሆልም ከ18 ሰዓት በላይ ብርሃን ታገኛለች። ስዊድኖቹ ሣሩ ላይ ተዘርግተው ፀሐይ ሲሞቁ ይውላሉ። እኔም የላይቭ አርበኞቻችን አሁንስ ያርፋሉ፣ ከሶፋው ተነሥተው አየር ይቀበላሉ ብዬ ነበር። ባለፈው ከመካከላቸው አንዱን የቤት ዕቃ መሸጫ ውስጥ አገኘሁት። ብርሃን የማያሳልፈውን ጥቁር መጋረጃ በክንዱ እየለካ ነው።

«ምነው፣ እንቅልፍ እምቢ አለህ?» አልኩት።

«ኧረ የምን እንቅልፍ ወንድሜ» አለኝ። «በጋ ሊገባ ነው እኮ። ፀሐይዋ ስክሪኑ ላይ እያንጸባረቀች ኮመንት አታስነብብም።»