ካስት ለማያውቁት ደጋጎች

ከፍ ካለው ካስት (ከትውልድ ከሚወረስ የማኅበረሰብ ደረጃ) የተወለደው የህንድ ከተሜ ምስጋናው አንሶበታል። "እኔ ካስት የሚባል ነገር አላውቅም፤ የማውቀው ብቃት ነው" ይላል። አዲስ ጎረቤት ሲመጣም ስሙን ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሙሉ ስሙን። ከፍ ያለ ካስት ስም፣ ሻርማ ወይም ኢየር፣ ከሆነ ወሬው ወደ ክሪኬት ያልፋል። ኩማር ካለ ግን፣ ኩማር የማንም ሊሆን ስለሚችል፣ የአባት ስም ይከተላል፤ ከዚያ አገርህ የት ነው፣ ከየትኛው ሰፈር፤ በመጨረሻ ሥጋ ትበላለህ ወይ። አጥንት እየቆጠሩ አለማወቅ እንዲህ ቀላል ሙያ አይደለም። (ሸማኔውንና ቀጥቃጩን "ቡዳ" ሲል የኖረ የእኛ አገር ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።)

የእሑድ ጋዜጣ የትዳር ማስታወቂያማ ልብ ያሞቃል። "ካስት አያግድም" ይላል ቸሩ አባት፤ ማስታወቂያው የታተመው ግን በካስቱ ስም በተከፈለው ዓምድ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011–12 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በተደረገው አገር አቀፍ የቤተሰብ ጥናት ከካስታቸው ውጭ የተጋቡት ከመቶ 5 ገደማ ናቸው። የቀሩት 95ቱ በአጋጣሚ ተዋደው ነው።

ይህን ደግ ሰው የሚያመው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሪዘርቬሽን የሚሉት ኮታ። በማዕከላዊው መንግሥት ሥራና ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ "የማይነኩ" ይባሉ ለነበሩት ዳሊቶች 15፣ ለነባር ጎሳዎች 7.5፣ "ኋላ ቀር" ተብለው ለተመዘገቡ ሌሎች ካስቶች 27 ከመቶ ተይዟል። ድምሩ 49.5 ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1992 ከ50 እንዳያልፍ ጣሪያ ሠርቶለታል። 27ቱ በ1990 ሲታወጅ የደልሂ ተማሪዎች "ብቃት ሞተች" ብለው አደባባይ ወጡ፤ መጥረጊያ ይዘው መንገድ ጠረጉ፣ የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ቦረሹ። እንግዲህ የሚቀርልን ሥራ ይህ ነው ማለታቸው ነበር። ያ ሥራ እስከዚያ ቀን የማን እንደነበር መጠየቅ ነገር ፍለጋ ነው።

በ2019 ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለና ለድሃ 10 ከመቶ ተጨመረ። ድሃ የተባለው የቤተሰቡ የዓመት ገቢ ከ800,000 ሩፒ፣ እርሻውም ከ5 ኤከር በታች የሆነ ነው፤ ዳሊት፣ ነባር ጎሳ ወይም ኋላ ቀር ከተባሉት እስካልሆነ ድረስ። የዳሊት ድህነት እዚህ አይቆጠርም። ድምሩ 59.5 ደረሰ፣ ጣሪያው ተነቀለ፣ ፍርድ ቤቱም በ2022 በ3 ለ 2 አጸደቀ። ሞታለች የተባለችው ብቃት ያን ሰሞን ጤናዋ እጅግ ደኅና ነበር።

በግል የሕክምና ኮሌጆች እስከ 15 ከመቶ ወንበር በውጭ ለሚኖሩ ህንዳውያን ከፍ ባለ ክፍያ ይሰጣል። ይህም ስሙ ኮታ ነው፤ ግን ገንዘብ ብቃትን አይቀንስም። በ2023 ደግሞ የሐኪሞች ስፔሻላይዜሽን መግቢያ ማለፊያ ፐርሰንታይል (ተፈታኙ ከመቶ ተፈታኝ ስንቱን እንደበለጠ የሚያሳየው ደረጃ) ለሁሉም ወደ ዜሮ ወረደ። አንድ ትክክል መልስ 4 ነጥብ ያስገኛል፣ አንድ ስህተት 1 ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከዜሮ በታች ያመጣም ለወንበር መወዳደር ቻለ። መጥረጊያ ግን አልተነሣም።

ከሁሉ የሚደነቀው የእነዚህ ደጋጎች የሂሳብ ችሎታ ነው። ኮታ ሳይሻር ሊሟሟ ይችላል። የመምህራን ቅጥር ቦታዎች በተራ ቁጥር ይመዘገባሉ፤ ባለ 13 ነጥብ በሚባለው መዝገብ 4ኛው፣ 8ኛውና 12ኛው ለኋላ ቀሮቹ፣ 7ኛው ለዳሊት ነው። ለነባር ጎሳ የሚደርሰው 14ኛው ነው። አዎ፣ በባለ 13ቱ መዝገብ። ዩኒቨርሲቲው በጅምላ ሲቆጠር ተራው ሁሉንም ይደርሳል። በየትምህርት ክፍሉ ሲቆጠር ግን 3 መምህር ያለው ክፍል 4ኛ የለውም፤ 6 ያለውም 7ኛ የለውም። በ2018 መመሪያ ወጥቶ በየክፍሉ ይቆጠር ተባለ። አንድ ፐርሰንት እንኳ አልተነካም፤ ቦታዎቹ ብቻ ጠፉ። ብዙ ከተጮኸ በኋላ በ2019 ቆጠራው በሕግ ወደ ጅምላው ተመለሰ።

ቢመለስስ? ቃለ መጠይቅ አለ። እጩው ገብቶ ይወጣል፤ ኮሚቴው "ብቁ አልተገኘም" ብሎ ይፈርማል፤ ወንበሩ ባዶውን ያድራል። ባዶ ወንበር የቤተሰብ ስም አይጠየቅም።

የ50 ከመቶው ጣሪያ ከሁሉ የባሰ የተጣሰው ግን ሌላ ቦታ ነው። ዓይነ ምድር በእጅ ማውጣት በ1993ም በ2013ም በሕግ ተከልክሏል። መንግሥት በ2021 ለፓርላማ በሰጠው ቁጥር፣ በዚህ ሥራ ላይ ተገኝተው ካስታቸው ከታወቀ 43,797 ሰዎች 42,594ቱ ዳሊቶች ናቸው፤ ከመቶ 97። የመግቢያ ፈተና የለ፣ ቃለ መጠይቅ የለ፣ ኮሚቴው "ብቁ አልተገኘም" አላለ። ለብቃት አደባባይ የወጡትም የ1990ውን መጥረጊያ ለባለቤቱ መልሰው ወደ ክፍላቸው ከገቡ ቆይተዋል።