«ምን ሆኜ ነው የምመረመረው?»

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ጎረቤት ቡና ጠርታኝ ነበር። ቶናው ሲቀዳ የማህፀን በር ካንሰር ምርመራን አነሳሁ። አንዲት የሦስት ልጆች እናት ስኒዋን እንደያዘች፣ «እኔ እኮ ምንም አላመመኝም። ምን ሆኜ ነው የምመረመረው?» አለችኝ።

ምርመራው ግን ለእሷ ነው፣ ምንም ላላመማት። በሽታውን የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ ነው። ከሰውነት ሳይወጣ ከቆየ ወደ ካንሰር እስኪለወጥ አብዛኛውን ጊዜ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ያን ሁሉ ዓመት ሴትየዋ ደህና ናት። እንጀራዋን ትጋግራለች፣ ገበያዋን ትወጣለች። ደም መፍሰስ ሲጀምራት ግን ብዙ ጊዜ ረፍዷል። ክትባቱ ደግሞ በአገራችን የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነው። እኛ 30ዎቹን የያዝነው አልደረሰንም።

ምርመራው አያስፈራም። ነርሷ የማህፀን በሩን በተበረዘ አሴቲክ አሲድ ትቀባዋለች፤ ሽታው ያው የኮምጣጤ ነው። አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። የተለወጠ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። ብዙ ጊዜም እዚያው፣ በዚያው ቀን፣ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይታከማል። እኔን የመረመረችኝ ልጅ «አብሽሪ እህቴ፣ አለቀ» ስትለኝ ገና መጀመሯ መስሎኝ ነበር።

ያስቸገረኝ ቀጠሮው ነው። መጀመሪያ የሄድኩበት ጤና ጣቢያ «የምትሠራው ሥልጠና ላይ ናት፣ ሌላ ቀን ብቅ በይ» አሉኝ። የትኛው ቀን? አልተጻፈልኝም። ስመለስ የወር አበባዬ መጥቶ ነበር፤ ያኔ ምርመራው አይሠራም። ይህንንም አስቀድሞ የነገረኝ የለም። በሦስተኛው ተሳካልኝ። እኔ በባጃጅ ደርሼ እመለሳለሁ። ከኩታበር የመጣች፣ ወይም ኮምቦልቻ ፋብሪካ ፈረቃ ለምና የቀየረች ሴት ግን ሦስት ጊዜ አትመላለስም።

በአገራችን የጤና መመሪያ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት በየጥቂት ዓመቱ ትመረመራለች። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለ ደግሞ ቀደም ብላ ትጀምራለች፣ ቶሎ ቶሎም ትታያለች። በዚህ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ከጤና ጣቢያ አይጠፉም። ልጅ ሊያስከትቡ ይመጣሉ፣ የሦስት ወር መርፌ ሊወጉ ይመጣሉ። የጤና ጣቢያ ሠራተኞች፣ ታዲያ እዚያው ለምን አትጠይቋቸውም? ባለሙያዋ ካለች ወዲያው ትያቸው። ከሌለች የወር አበባቸውን ጊዜ ጠይቃችሁ ቁርጥ ያለ ቀን ካርዳቸው ላይ ጻፉላቸው፤ ስልካቸውንም መዝግቡ። ቀኑ ከተቀየረ ደውሉ።

እህቶቼ፣ እስከዚያው እናንተ ጠይቁ። ካርድ ክፍል «የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ» በሉ። ሰው በተሰለፈበት መናገር ከከበዳችሁ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ግቡና ለነርሷ ንገሯት። ቀኑን ሳያጽፉ መውጣት ግን የለም።

ያቺን ጎረቤቴን ረቡዕ ጠዋት ይዣት እሄዳለሁ። ትንሹን ልጇን የሚይዝላትም አግኝተናል።