በሽምግልና የተዘጋ መዝገብ

ወገኖቼ ሆይ፤ ልጃችሁ የዩኒቨርሲቲ ምደባዋን አይታ ሻንጣዋን በምትሸክፍበት ሳምንት ምን እንዳላችኋት እስኪ አስታውሱ። ብርድ ልብስ ገዝታችሁላታል፤ በሶና ጭኮ አዘጋጅታችሁላታል፤ አውቶቡስ ተራ ድረስ ወርዳችሁም ሸኝታችኋታል። ከዚያም «ተጠንቀቂ» ብላችኋታል። ከማን እንደምትጠነቀቅ አልነገራችኋትም፤ አንድ ነገር ቢደርስባት ማን ዘንድ እንደምትሄድ አልነገራችኋትም፤ የሆነው ሆኖ ወደ እናንተ ብትደውል እንደማትቆጧት ደግሞ ጨርሶ አላነሣችሁባትም። ይህ «ተጠንቀቂ» የሚሉት ቃል ፍርዱን አስቀድሞ ያዘለ ነው፤ ጾታዊ ጥቃት ቢደርስባት ሳትጠነቀቅ የቀረችው እርሷ ናት ማለት ነውና፣ ልጅቷ ይህን ገና ከአውቶቡሱ ሳትወርድ ታውቀዋለች።

ስለ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ጥፋት ወደ ኋላ ላይ ብዙ እላለሁ። ነገር ግን ዝምታው በግቢ ውስጥ አልተወለደም፤ ተማሪዋ ከቤት ይዛው የሄደች ስንቅ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች ከአሥሩ አንዷ ጾታዊ ጥቃት ደርሶባት እንደሚያውቅ አሳይቷል፤ አካላዊም ይሁን ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው መካከል እርዳታ የጠየቁት ከአራት አንድ የማይሞሉ ሲሆኑ፣ ከሦስት ሁለት ያህሉ ግን እርዳታም አልጠየቁ፣ ለማንም አልተናገሩ። «ዝም አይነቅዝም» እያልን ያሳደግናቸው ልጆች የተባሉትን ፈጸሙ እንጂ ምን አደረጉ? አባቷ ቢሰማ ምን እንደሚያደርግ ተማሪዋ አስልታ ታውቃለች፤ በማግስቱ ተሳፍሮ ይመጣል፣ ከዘበኛው ጋር ይጣላል፣ ከዚያም ሻንጣዋን አስይዞ ወደ ቤት ይመልሳታል። በዳዩ መምህር ፈተና ማረሙን ይቀጥላል፤ አሥራ ሁለት ዓመት የለፋችበትን ትምህርት የምታጣው ተበዳይዋ ናት። እንዲህ ያለ ዋጋ ተቆርጦላት ሳለ «ለምን ቀድማ አልተናገረችም?» ብለን መጠየቃችን ምን ያህል ድፍረት እንደሆነ አስቡት።

ይህን የምለው ከደሙ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ከዓመታት በፊት በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር በዲሲፕሊን ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ አንድ መምህር «ኤፍ ነው የሚጠብቅሽ» ካላት በኋላ ለማካካሻ ፈተና ከሥራ ሰዓት ውጭ ቢሮው እንድትመጣ ደጋግሞ የላከላትን መልእክት በስልኳ ይዛ ቀረበች። አምስት ነበርን፤ አምስታችንም ወንዶች፣ ሦስታችን ደግሞ የመምህሩ የምሳ ጓደኞች። መልእክቱን አየነው፤ ማንም ሐሰት ነው አላለም። ሆኖም ከመካከላችን በዕድሜ የገፋውና የተከበረው ሰው «ይህ ነገር ወደ ውጭ ከወጣ የልጅቷም የግቢውም ስም ይጠፋል፤ በሽምግልና እንጨርሰው» ሲል ሁላችንም እፎይ አልን። ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ተሰጠ፤ በአራተኛው ወር ተገናኝተው ይቅር ለእግዜር ተባባሉ። በቃለ ጉባኤው ላይ «ጉዳዩ በስምምነት ተፈትቷል» ብለን ጻፍን፤ መምህሩም በሚቀጥለው ሴሚስተር ሌላ ክፍል ተሰጠው።

ያኔ ያላወቅሁትን፣ ማወቅ ግን የነበረብኝን ነገር አሁን ልንገራችሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ተበዳይዋ በበዳዩ ቁጥጥር ወይም ሥልጣን ሥር ያለች ከሆነች ጣሪያው ወደ 20 ዓመት ከፍ ይላል። ኃይል ያልተጠቀመ፣ ነገር ግን የሴቲቱን ችግርና ጭንቀት ወይም ራሱ የያዘውን ሥልጣን መሣሪያ አድርጎ ፈቃዱን የፈጸመ ሰው ደግሞ በአንቀጽ 625 ይጠየቃል፤ ሕጉ ሥልጣን ያላቸውን ሲቆጥርም አሳዳጊውንና አሠሪውን ብቻ አልጠራም፤ መምህሩንም በስሙ ጠርቶታል። ይሁን እንጂ የዚህኛው ቅጣት ቀላል እስራት ነው፤ ቀላል እስራት ደግሞ እንደ ደንቡ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው፤ ክሱም የሚንቀሳቀሰው ተበዳይዋ የግል አቤቱታ ስታቀርብ ብቻ ነው። የግል አቤቱታ የማቅረቢያው ጊዜም በአንቀጽ 213 መሠረት ድርጊቱን ወይም ፈጻሚውን ካወቀችበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ነው። አንድ ሴሚስተር አራት ወር ገደማ መሆኑን እያሰባችሁ ይህን ደግማችሁ አንብቡት። «ፈተናው ይለፍ፣ ግሬዱ ይውጣና እናየዋለን» የሚል የትምህርት ክፍል ኃላፊ ለተማሪዋ ምሕረት ያደረገ ይመስለዋል፤ በተግባር ግን የፍርድ ቤቱን በር እየዘጋባት ነው። የእኛ ሦስት ቀጠሮም ሽምግልና እያልን የጠራነው፣ በተግባር ግን ይህን ጊዜ በልቶ የጨረሰ ነገር ነበር።

እናንተ ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶችና የሠፈር ታላላቆች፣ በዚህ ቅር እንዳትሰኙ። ሽምግልና ደም ያደረቀ፣ ድንበር የለየ፣ ትዳር የጠገነ ትልቅ ሀብታችን ነው፤ የሚያስታርቀው ግን ለመጣላትም ለመታረቅም እኩል አቅም ያላቸውን ሰዎች ነው። ግሬዷ፣ የምርምር ወረቀቷና የምረቃዋ ቀን በአንድ ሰው እጅ የተያዘባት የሃያ ዓመት ልጅ ከዚያው ሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣ «ይቅር ብያለሁ» ስትል የሰማችሁት ይቅርታ አልነበረም። «በሬ ካራጁ ይውላል» የሚለውን ተረት በእርሷ ላይ ተርጉማችሁት መሆኑን ዕወቁ። «ያለ ማስረጃ የሰው ስም ይጠፋል» የሚል ክርክር እንደምታነሡም አውቃለሁ፤ ክርክሩ እውነትነት አለው፤ ለዚያ መድኃኒቱ ግን በቂ ምርመራ ነው። ንጹሕ ሆኖ የተከሰሰ መምህርም ቢሆን በሽምግልና ስሙ አይጸዳም፤ «በስምምነት ተፈትቷል» የተባለበት ሰው ዕድሜ ልኩን የሚታማ ሰው ነው።

ባልደረቦቼ መምህራን ሆይ፤ የእናንተን ጉዳይ ረጋ ብዬ ልመልከት። አብዛኞቻችሁ ይህን ነውር አታደርጉም፤ የሚያደርገው ማን እንደሆነ ግን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ በሻይ ሰዓትም ትስቁበታላችሁ። ለዚህ ሰው መሣሪያ ያስታጠቀው ጠባዩ ብቻ ሳይሆን የምዘና ሥርዓታችን ጭምር ነው። ፈተናውን አንድ ሰው ያወጣል፤ ራሱ ያርማል፤ የክፍል ተሳትፎ ብሎ ያሻውን ነጥብ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ ቅሬታ ሲቀርብም መጀመሪያ የሚጠየቀው እርሱ ራሱ ነው። ታዲያ የግቢው ማጠቃለያ ፈተና ስም ሳይጻፍበት በኮድ ቢታረም፣ ወድቃለች የተባለችን ተማሪ ወረቀት ሁለተኛ መምህር ቢያየው፣ የማማከር ሰዓት በሥራ ሰዓት ብቻና በሩ ክፍት በሆነ ቢሮ ቢሆን፣ መምህርም ነጥብ ከሚሰጣት ተማሪ ጋር የፍቅር ግንኙነት እንዳይጀምር በግልጽ ቢከለከል ምን ያስከፍላል? አንዱም የውጭ ምንዛሪ አይፈልግም። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ቢቢሲ በናይጄሪያና በጋና ዩኒቨርሲቲዎች በድብቅ ካሜራ ባቀረበው ምርመራ መምህራን ከተማሪዎች ጾታዊ ውለታ ሲጠይቁ ሲታይ ብዙዎቻችን «ጉድ!» ብለን ተመለከትን፤ የእኛ ቢሮዎች ካሜራ ስላልገባባቸው ብቻ ንጹሕ የሆኑ ይመስል።

የግቢ አስተዳዳሪዎች ደግሞ «ጀንደር ቢሮ አለን» ትላላችሁ። አላችሁ፤ በሩ ላይ ሰሌዳ አለ፤ በማርች ስምንት ዝግጅት ታደርጋላችሁ፤ ቲሸርትም ታሳትማላችሁ። ግን ቢሮው በጀቱን የሚጠይቀው ማንን ነው? አቤቱታ የቀረበበትን ሰው ከሥራ የማገድ ወይም ከተማሪዋ ክፍል የማንሣት ሥልጣን አለው? ማታ አራት ሰዓት ከላይብረሪ ስትመለስ የተጠቃች ተማሪ ብትደውል ስልኩን የሚያነሣው ማን ነው? ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች በምትሰጡት ገለጻ ስለ አለባበስና ስለ ሰዓት እላፊ አንድ ሰዓት ሙሉ ስትናገሩ፣ አቤቱታ የሚቀበለው ሰው የት እንደሚገኝ አንድ ደቂቃ አትሰጡትም። በዶርምና በላይብረሪ መካከል ያለው መንገድ መብራት ከጠፋበት ሴሚስተር አልፎታል፤ ውኃ ሲቋረጥ ልጆቹ ጀሪካን ይዘው በጨለማ ወደ ቦኖ እንደሚወርዱም ታውቃላችሁ፤ ይህን የማታውቁ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። የደሀ ቤተሰብ ልጅ ለሞዴስና ለፎቶ ኮፒ መግዣ ስታጣ በር ላይ የሚጠብቋት ደላሎችና ባለ መኪኖች ከችግሯ እንደሚያተርፉ እያወቃችሁ፣ የተማሪዎች ድጎማን ከጾታዊ ጥቃት መከላከል ጋር አያይዛችሁ አስባችሁት ታውቃላችሁ?

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን ጥቃቱ ከደረሰ በኋላ ያሉት ሰዓታት ናቸው። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ በፈጠነ ቁጥር ደግሞ ይሻላል፤ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም እስከ አምስት ቀን ቢሰጥም እያደር ኃይሉ ይቀንሳል። ልጅቷ ገላዋን ሳትታጠብ፣ የለበሰችውንም ሳታጥብ በወረቀት ከረጢት ይዛ ሐኪም ዘንድ ብትደርስ ማስረጃው ይገኛል። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሐኪሙን፣ ፖሊሱን፣ ዐቃቤ ሕጉንና የሥነ ልቦና ባለሙያውን በአንድ ቦታ የሚያገናኝ ማዕከል ከተከፈተ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ጎንደር፣ ጅማና ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው ሆስፒታል አላቸው። ሐኪም እያስመረቀ የሚያወጣ ተቋም የገዛ ተማሪውን በዚያው ሌሊት ከዶርም ወደ ሆስፒታሉ የሚያደርስ አንድ መኪናና አንዲት የሠለጠነች ነርስ ማዘጋጀት አቃተኝ ሊል አይችልም። ልጅቷ ግን ብዙ ጊዜ የምታገኘው የዶርሙን ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሯን ነው፤ ፕሮክተሯም «እስኪ ተኚ፣ ሲነጋ እናያለን» ትላታለች።

በባሕር ማዶ ያላችሁ ወገኖችም ነገሩ የአገር ቤት ብቻ አይምሰላችሁ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 በፔንሲልቫንያ በሚገኘው በሊሃይ ዩኒቨርሲቲ አንዲት የ19 ዓመት ተማሪ በተኛችበት ዶርም ተደፍራ ተገደለች። ወላጆቿ በግቢው ቀደም ብሎ ይፈጸሙ ስለነበሩት ወንጀሎች ማንም እንዳልነገራቸው ሲረዱ ሐዘናቸውን ይዘው ወደ ሕግ አውጪው ሄዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውና በልጃቸው ስም ክሌሪ ተብሎ የሚጠራው ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚነካ ኮሌጅ ሁሉ በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 ድረስ የሦስት ዓመት የወንጀል አኃዙን ለሕዝብ እንዲያወጣ ያስገድዳል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ልጆቻችሁን ኮሌጅ ያስገባችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ ይህን ሪፖርት ከፍታችሁ ያያችሁት? ስታዩትም በአንድ ነገር አትታለሉ፤ ዜሮ ብሎ የጻፈ ኮሌጅ ብዙውን ጊዜ ማንም የማያምነው ኮሌጅ ነው፤ ብዙ አቤቱታ የቀረበበት ደግሞ ተማሪዎቹ ቢናገሩ እንደሚሰሙ ያወቁበት ሊሆን ይችላል። የእኛዎቹ ከአርባ በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚተዳደሩት በግብር ከፋዩ ገንዘብ ነው። ስንት ተማሪ እንዳስመረቁ በየዓመቱ በኩራት ይነግሩናል፤ ስንት አቤቱታ እንደቀረበላቸው፣ ስንቱን በስንት ቀን እንደመረመሩና ስንቱን ለፖሊስ እንዳስተላለፉ ግን ጠይቀናቸው አናውቅም።

ወንድ ተማሪዎች ሆይ፤ ለእናንተ ብዙ የምለው የለኝም፤ የጓደኛችሁን ሥራ ከሁላችን ቀድማችሁ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ሰክራ የተኛችውን ልጅ ጉዳይ በማግስቱ በዶርም ውስጥ እየተቀባበላችሁ የምትስቁት ሳቅ ከምስክርነት የሚቆጠር ነው፤ ፍርድ ቤት ስትጠሩም እንዲሁ ተናገሩት።

ስለዚህ በሚመጣው የመግቢያ ሰሞን፣ እናንተ ወላጆች፣ ሻንጣውን ከማንሣታችሁ በፊት ተቀመጡና ለልጃችሁ «ምንም ቢደርስብሽ ደውዪልኝ፤ ከትምህርትሽ አላስቀርሽም» በሏት፤ ያላችሁትንም ጠብቁ። ግቢው በር ስትደርሱ የዶርሙን ቁጥር ብቻ አትጠይቁ፤ አቤቱታ የምትቀበለዋ ሴት ስሟ ማን እንደሆነ፣ ቢሮዋ የት እንደሆነና ሌሊት የሚነሣው ስልክ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ ወደ ዲኑ ቢሮ ግቡ፤ አንድ ወላጅ ሲጠይቅ እንደ ነገረኛ ይታያል፤ ሃምሳ ወላጅ በአንድ ሳምንት ሲጠይቅ ግን ዲኑ ስብሰባ ይጠራል፤ ይህን ዓይነቱን ስብሰባ ብዙ ጊዜ ተቀምጬበት ስለማውቅ ነው የምላችሁ።

ያቺ ኮሚቴያችን ያስታረቃት ተማሪ በሁለተኛው ሴሚስተር አጋማሽ የዊዝድሮዋል፣ ማለትም ትምህርት የማቋረጫ፣ ፎርም ሞልታ ወደ ቢሮዬ መጣች። ምክንያት በሚለው መስመር ላይ «የቤተሰብ ችግር» ብላ ጽፋለች። አነበብሁት፤ ቀና ብዬ አየኋት፤ እርሷም አየችኝ። ከዚያም ፈረምሁበት።