ቪዲዮውስ ዕዳው ገብስ ነው

ስለ ተገለበጠ ክፍል ሲወራ ወሬው ሁሉ ቪዲዮ ቪዲዮ ነው። በስልክ ይቀረጽ ወይስ በካሜራ? የመምህሩ ፊት ይታይ ወይስ እጁ ብቻ ይበቃል? የትኛው መተግበሪያ ይሻላል? እኔን ከጠየቃችሁኝ ቪዲዮው ዕዳው ገብስ ነው። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል አልጀብራን ገልብጦ ለሚያስተምር ሰው ጭንቁ ሌላ ጋ ነው። ገለጻው ከክፍል ሲወጣ የሚተርፈው ጊዜ ምን ይሠራበታል? ደግሞም ሁሉም የአልጀብራ ርዕስ ወደ ቪዲዮ መሄድ የለበትም ባይ ነኝ።

ነገሩን ላልሰማ ባጭሩ ልንገር። በተለመደው አሠራር መምህሩ ክፍል ውስጥ ያስረዳል፤ ተማሪው መልመጃውን ቤቱ ይሠራል። በተገለበጠው ክፍል ተማሪው ገለጻውን ቤቱ በቪዲዮ ያያል፤ መልመጃውን ክፍል መጥቶ ይሠራል። ዘዴውን ስመ ጥር ያደረጉት ጆናታን በርግማንና አሮን ሳምስ የተባሉ የኮሎራዶ፣ አሜሪካ የኬሚስትሪ መምህራን ናቸው። በ2007 (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን ነው የምቆጥረው) ትምህርታቸውን መቅረጽ የጀመሩት ከክፍል ለሚቀሩ ተማሪዎች ብለው ነበር። በሒሳብ በኩል ደግሞ ካን አካዳሚ የሚባለውን የኢንተርኔት ትምህርት ድርጅት የመሠረተው ሳልማን ካን አለ። በ2004 አንዲት ታዳጊ ዘመዱን ከሩቅ ሆኖ ሒሳብ ማስጠናት ጀመረ፤ በ2006 ቪዲዮዎቹን ዩቲዩብ ላይ ጫነ። ካን በኋላ እንደተናገረው፣ የሚያስጠናቸው ዘመዶቹ በአካል ከሚያስረዳን በዩቲዩብ ይሻለናል አሉት። እውነታቸውን ነው። ቪዲዮ አሥር ጊዜ ቢመልሱት አይሰለችም፤ «አሁንም አልገባህም?» ብሎ አያሳፍርም።

እስከዚህ ድረስ ከዘዴው ጋር ጠብ የለኝም። ጠቡ የሚጀምረው አልጀብራ ውስጥ ስንገባ ነው።

በ1999 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ላይ ለተማሪዎች ይህ ጥያቄ ቀረበ፦ 8 + 4 = ? + 5። መልሱ 7 ነው። ከተጠየቁት መካከል 145 የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። አንዳቸውም 7 አላሉም። ሁሉም ወይ 12 ወይ 17 ነው ያሉት። ልጆቹ መደመር አቅቷቸው አይደለም። የእኩል ምልክትን የሚያነቡት «እንግዲህ መልሱን ጻፍ» ብለው ነው። ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን የሚናገር ምልክት መሆኑ አልታያቸውም። ከእንዲህ ዓይነት ልጅ ፊት እኩልታ ስታስቀምጡለት ምን እንደሚያይ አስቡት።

ይህን በቪዲዮ ማቃናት የሚቻል ይመስላል። አይመስለኝም። ኋላ ቬሪታሲየም በሚባለው የዩቲዩብ ቻናሉ የታወቀው ዴሪክ ሙለር ሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው በፊዚክስ ቪዲዮዎች ላይ ነበር። ጥርት ያለ ገለጻ ያዩ ተማሪዎች ቪዲዮውን ወደዱት፤ ግልጽ ነው አሉ። ሲፈተኑ ግን ያገኙት ብዙም የለም። የሚያውቁትን እያዩ መስሏቸው በድሮው ሐሳባቸው ጸኑ። የተሳሳተውን ሐሳብ አንስቶ የሚሟገት ቪዲዮ ያዩት ደግሞ ግራ አጋባን አሉ፤ በፈተናው ግን በለጡ። ስለዚህ «ቪዲዮው በጣም ግልጽ ነው» የሚል አስተያየት ሲመጣ ቶሎ ደስ አይበለን።

አሁን ወደ አንድ ደብተር ጠጋ እንበል። 3ኤክስ = 12 የሚል እኩልታ አለ። ልጁ ኤክስ = 12 − 3 ብሎ ጽፎ 9 አገኘ። ለምን ሲባል፣ «3ቱ ወዲያ ማዶ ተሻገረ፤ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራላ!» ይላል። አያችሁ? ልጁ ሕጉን አልረሳም። እንደ ውዳሴ ማርያም ሸምድዶታል። የጠፋው ሕጉ ከየት እንደመጣ ነው። ኤክስ + 3 = 12 ሲሆን ከሁለቱም ወገን 3 ቀነስን፤ እዚህ ግን 3ቱ ተባዝቷል፣ ስለዚህ ሁለቱንም ወገን ለ3 ማካፈል ነው። «ይሻገራል» የሚባል ነገር የለም። የሚሻገር ቁጥር አይቼ አላውቅም።

ይህ ልጅ በተለመደው አሠራር ቤቱ ቁጭ ብሎ ሃያ ጥያቄ በዚሁ መንገድ ይሠራል። ስሕተቱን ሃያ ጊዜ ይለማመደዋል ማለት ነው። በማግስቱ መምህሩ ደብተሩ ላይ ቲክ አድርጎ ያልፋል፤ ደግሞ ስንቱን አንብቦ ይችላል? በተገለበጠው ክፍል ግን ሁለተኛው ጥያቄ ላይ መምህሩ አጠገቡ ሊደርስ ይችላል። «እስኪ 9ኙን ኤክስ ቦታ ተካውና አባዛው» ይለዋል። 27። ልጁ ራሱ ደንግጦ ይነሳል። የዘዴው ጥቅም በሙሉ ለእኔ እዚህች ደቂቃ ላይ ነው ያለው። ቪዲዮው ይህችን ደቂቃ ነው የገዛልን።

ችግሩ፣ የተገዛውን ጊዜ ብዙ ቦታ እናባክነዋለን። ተማሪዎቹ ወረቀት ይታደላቸዋል፣ አንገታቸውን ደፍተው ዝም ጭጭ ብለው ይሠራሉ፣ መምህሩ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ፈተና ያርማል። ከዚያ ወላጅ «ታዲያ ማስተማሩን ዩቲዩብ ከሠራው መምህሩ ምን ይሠራል?» ሲል እንቆጣለን። ጥያቄው ግን ተገቢ ነው።

ሌላው ነገር ቪዲዮውን ሳያይ የሚመጣው ተማሪ ነው። ብዙ መምህር መጨከን ያቅተዋል፤ «እሺ፣ ላላያችሁ ባጭሩ ልድገመው» ይላል። ያኔ አለቀ። አይቶ የመጣው ተማሪ ማታ ያጠፋው ጊዜ ለምን እንደነበር ይገርመዋል፤ በሳምንቱ እሱም አያይም። ያላየ ጥግ ይዞ እዚያው ክፍል ይይ፤ ሲጨርስ ይቀላቀል። ኢንተርኔት የሌለውስ? ይሄ ሰበብ ሳይሆን እውነተኛ ችግር ነው፤ መፍትሔውም የታወቀ ነው። በርግማንና ሳምስ ኢንተርኔት ለሌላቸው ተማሪዎች በዲቪዲ እየገለበጡ ይሰጡ ነበር። ዛሬ ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ይበቃል።

ርዝመቱን በተመለከተ ብዙ አልልም። በ2014 ይፋ የሆነ፣ ኢዴክስ በሚባል የኢንተርኔት ትምህርት መድረክ ኮርሶች ላይ የተሠራ ጥናት ተመልካቾች ቪዲዮ ላይ የሚቆዩት፣ ቪዲዮው ምንም ያህል ቢረዝም፣ እስከ 6 ደቂቃ ግድም መሆኑን አሳይቷል። እነዚያ ደግሞ ወደው የተመዘገቡ ሰዎች ናቸው። የ13 ዓመት ልጅ 25 ደቂቃ ስለ ቅንፍ ይሰማል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

ዘዴውን የሚያወድሱ ሁሉ ማንበብ ያለባቸው አንድ ጥናት አለ። የአሜሪካው ዌስት ፖይንት ወታደራዊ አካዳሚ ተማሪዎችን በዕጣ መድቦ የተገለበጠውንና የተለመደውን ክፍል አወዳደረ፤ ውጤቱ በ2021 ታተመ። ሒሳብ ላይ መጀመሪያ መሻሻል ታየ፤ ውሎ አድሮ ግን አማካይ ጥቅሙ አልዘለቀም። ኢኮኖሚክስ ላይ ከነጭራሹ ለውጥ የለም። ይባስ ብሎ በጎበዞቹና በደካሞቹ መካከል ያለው ክፍተት ሰፋ። እነዚህ እንግዲህ በወታደራዊ ሥነ ሥርዓት የሚኖሩ ወጣቶች ናቸው። እኛ የምናወራው ማታ ማታ ከስልኩ ጋር ብቻውን ስለሚሆን ታዳጊ ነው።

ለዚህ ነው ርዕስ እንምረጥ የምለው። ቅንፍ መፍታት፣ ተመሳሳይ ቃላትን (እንደ 2ኤክስና 5ኤክስ ያሉትን) መሰብሰብ፣ ረዘም ያለ እኩልታን ደረጃ በደረጃ መሥራት በቪዲዮ ይሂድ። አሠራር ነው፤ ፓውዝ እያደረጉ መከተል ይቻላል። ኤክስ ምን እንደሆነ፣ የእኩል ምልክት ምን እንደሚል፣ −2(ኤክስ − 5) ሲፈታ መጨረሻው ለምን +10 እንጂ −10 እንደማይሆን ግን መጀመሪያ ክፍል ውስጥ፣ ልጆቹ እየተከራከሩ ይነሳ። ቪዲዮው ከክርክሩ በኋላ ማታ ይምጣ። «ይህማ ከፊል መገልበጥ ነው» የሚል ካለ፣ አዎ፣ ከፊል ነው።

ትምህርት ቤቶችም ሥልጠና ሲያዘጋጁ ግማሹን ሰዓት ከቀረጻው ቀንሰው ለዚህ ይስጡት። እያንዳንዱ የሒሳብ መምህር ከተማሪዎቹ ደብተር ሦስት የተሳሳቱ መልሶች ይዞ ይምጣ። ባልደረቦቹ ልጁ እዚያ መልስ ላይ እንዴት እንደደረሰ ይገምቱ፤ ከዚያ ቀጥሎ ምን ብለው እንደሚጠይቁት ይነጋገሩ።