ይድረስ ለክቡር 84.66

ባሉበት፣ ብራስልስ ወይም ሞጆ ደረቅ ወደብ

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ እንዳልል፣ አልናፈቁኝም። መቼ ተለያይተን! ዕቃ ባስጫንኩ ቁጥር ከዕቃው ቀድመው የሚደርሱት እርስዎ ነዎት።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ለማያውቅዎ ሰው ላስተዋውቅዎ። የዓለም ጉምሩክ ድርጅት በሚያዘጋጀው የዕቃ አመዳደብ መጽሐፍ፣ ምዕራፍ 84 ውስጥ የሚኖሩ ቁጥር ነዎት። መጽሐፉ በፈረንጆች ከ1988 ጀምሮ ይሠራበታል። ሥራዎ የቶርኖ (ብረቱን እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን)፣ የፍሬዛ (መቁረጫውን እያሽከረከረ የሚቀርጽ)፣ የትራፓኖ (ብረት የሚበሳ) እና የመሰሎቻቸውን መለዋወጫና ተጨማሪ ዕቃ መሰብሰብ ነው። ከ84.56 እስከ 84.65 ያሉት ማሽኖች በሙሉ ኮተታቸውን እርስዎ ላይ ጥለው ይሄዳሉ። ወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል።

ቻክን፣ ማሽኑ ላይ በመንጋጋ ጨብጦ የሚይዘውን ዕቃ፣ እንውሰድ። ትራፓኖ ላይ ያለው ቻክ የሚይዘው ፑንታ (መብሻው) ነው። ስለዚህ መሣሪያ ያዥ ተብሎ ከእርስዎ ንዑስ ቁጥሮች 8466.10 ይሰጠዋል። ቶርኖ ላይ ያለው ባለሦስት መንጋጋ ቻክ ደግሞ የሚሠራውን ብረት ራሱን ይይዛል፣ እሱ 8466.20 ነው። እስከዚህ ድረስ አጨበጭባለሁ። ኮሌትስ፣ ዙሪያውን ጠብቆ የሚይዘው ቀለበት መሰሉ መያዣ? አንዱ ኮሌት ፍሬዛ ላይ ሲገባ የሚቆርጠውን ይይዛል፣ ቶርኖ ላይ ሲገባ የሚቆረጠውን ይይዛል፣ ካርቶን ውስጥ እያለ ደግሞ ምንም አልያዘም። ፈታሹ በጣቱ እያሽከረከረው «ይሄ ምንድን ነው የሚይዘው?» ሲለኝ «የኔን ገንዘብ» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ደግነቱ ትራንዚተሬ (የጉምሩክ ጉዳዬን የሚጨርስልኝ ሰው) በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

ሞርሳም (ዕቃ ነክሶ የሚይዘው ማሰሪያ) አለልዎት። ጠረጴዛ ላይ የሚታሰረው ሞርሳ የእጅ መሣሪያ ስለሆነ 82.05 ይገባል። የፍሬዛ አልጋ ላይ የሚታሰረው ግን የእርስዎ ነው። ሁለቱም ወገብ ይቆርጣሉ፣ ሁለቱም መንጋጋ አላቸው፣ ብዙ ጊዜ ቀለማቸውም አንድ ነው። ቶርኖ ቤት የሚውል ልጅ ከሩቅ ይለያቸዋል። መጋዘን ውስጥ በስልኩ ባትሪ እያበራ ለሚያይ ሰው ግን ሞርሳ ሞርሳ ነው፣ ምን ያድርግ?

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን አልቀበልም የሚሏቸው ናቸው። ፑንታና የፍሬዛ መቁረጫ ሲመጡ «82.07 ሂዱ» ይላሉ። ያልተገጠመች የካርባይድ ኢንሰርት (ጠንካራ የመቁረጫ ጫፍ) ከመጣች ወደ 82.09 ትሸኛለች። ቡሎኑን ለ73.18፣ ኩሽኔታውን ለ84.82 ይመሯቸዋል። የሲኤንሲው (በኮምፒውተር የሚታዘዘው ማሽን) መቆጣጠሪያ ፓኔል ለብቻው ከመጣማ ምዕራፉንም ለቆ 85.37 ይገባል። እንግዲህ እኔ ለአንድ ቶርኖ ብዬ፣ በአንድ ካርቶን ያስመጣሁትን ብረታ ብረት፣ አገር ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ የየራሱ ቁጥር፣ የየራሱ ቀረጥና የየራሱ ክርክር ይዞ ዲክላራሲዮኑ (የጉምሩክ ማስታወቂያ ቅጹ) ላይ ተሰልፎ አገኘዋለሁ።

ክርክሩ ሲከር ደግሞ የመጽሐፉ የአተረጓጎም ደንቦች ይወጣሉ። ስድስት ናቸው። ሦስተኛውን ይመልከቱልኝ። ዕቃው ሁለት ቁጥር ላይ የሚገባ ከመሰለ በዝርዝር የሚገልጸው ይቅደም ይላል። ጥሩ። ያ ካልሠራ ዋና ባሕርይውን የሚሰጠው ነገር ይታያል። ይሁን። ሁሉም ካቃተ ግን ከተፎካካሪዎቹ መሃል በቁጥር ተራ መጨረሻ ላይ ያለው ይውሰደው ይላል! ቀልድ አይደለም። አገራት ተሰብስበው የተስማሙበት ሕግ ነው። እኛ ሰፈር ይሄ ዕጣ ይባላል፣ ለዚያውም ሳይጣል የወጣ።

ነገሩ የቁጥር ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩልዎ። የእኛ ቀረጥ እንደ ዕቃው ከ0 እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው «ተዛውሯል» የሚል ወረቀት ሲመጣ የሚጨምረው ቀረጡ ብቻ አይደለም። 15 በመቶው ቫት የሚሰላው ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ስለሆነ እሱም አብሮ ከፍ ይላል። ውሳኔው እስኪመጣ የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራል። ታች ቶርኖ ቤት ማሽኑን አቁሞ የሚጠብቀው ደንበኛዬ «አንተ፣ ዛሬም የለም?» ብሎ ይደውላል። ስለ ደንብ ሦስት አስረዳዋለሁ። ዝም ብሎ ይሰማኝና «እሺ፣ ነገስ?» ይለኛል።

ደሞ ሁሉንም በእርስዎ ላይ አልጭንም። ላኪው ቻይና ቁጭ ብሎ ኢንቮይሱ ላይ «የማሽን ዕቃዎች» ብሎ ይጽፋል፣ ኪሎ፣ ዋጋ፣ አለቀ። የቱ ማሽን? የቱ ዕቃ? ካታሎግ ላክልኝ ብሎ ሲጠየቅ የአውራ ጣት ምልክት ይልካል። እኛ አስመጪዎችም ብንሆን ቅዱሳን አይደለንም። ስንቱ ነው የምዕራፉን ማስታወሻ አንብቦ ቁጥር የሚመርጠው? የቀረጡን ዓምድ ቁልቁል እያየን እንወርድና 0 ያለበት ጋ ስንደርስ ዕቃችን በድንገት እሱን ቁርጥ ይላል።

አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል። በመጽሐፉ የፈረንጆች 2022 እትም 3ዲ ፕሪንተር የራሱ ቁጥር ተሰጠው፣ 84.85። ትናንት መጥቶ ቤት አገኘ። ኮሌት ከአያቶቻችን ጊዜ ጀምሮ ብረት ይዞ እየሠራ፣ እስካሁን ምን እንደሚይዝ በየመጋዘኑ ቃሉን ይሰጣል። ቀጣዩ እትም በ2028 ሥራ ላይ ይውላል፣ እስከዚያ ቢያስቡበት ምን ይመስልዎታል? ካልሆነም የሞርሳና የኮሌት ፎቶ በትልቁ አሳትመው በየመፈተሻው ያስለጥፉልኝ። የማተሚያውን እኔ እችላለሁ። ወረቀቱን ግን ከውጭ እንዳታስመጡኝ፣ እሱም ምዕራፍ አለው።

ከማይቀር ሰላምታ ጋር፣
ካርቶኑ ያልወጣለት አስመጪ

ግልባጭ፦
ለ82.05፣ የጠረጴዛውን ሞርሳ መልሰው እንዲረከቡ
ለ73.18፣ ቡሎኑ በመንገድ ላይ ስለሆነ እንዲጠብቁ
ለትራንዚተሬ፣ ክርኑን እንዲያዘጋጅ